የአስተርጓሚዋ ጠበቃ

አማርኛ አልናገርም ብዬ ሰው ፊት የቆምኩት በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያውም በአማርኛዬ ስኮራ በኖርኩበት አዳራሽ ውስጥ፣ የስምንት ዓመት ልጄን እንዳይወስዱብኝ ብዬ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ሠፋሪ በመኪና እየተጫነ ወደ አቦቦ የሚወርድበት ዘመን። እኔ የጋምቤላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አኝዋክ፣ ባሮ ዳር የተወለድኩ። አማርኛ የተማርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከደጋ የመጣ ሰባኪ ሲሰብክ ለምእመናኑ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሰውዬው ማንዛዛት ይወዳል። እሱ አሥር ዓረፍተ ነገር ሲል እኔ ሁለት አደርገዋለሁ፤ ሕዝቡም በጊዜ ወደ ቤቱ ስለሚገባ ወደደኝ። በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ተዘጋና የቀበሌው አዳራሽ ሆነ። እኔ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ አውጪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ለአስተርጓሚነት ይጠራኝ ጀመር፤ ዞሬ ዞሬ እዚያው ቤት፣ እዚያው ግድግዳ ሥር ቆምኩ ማለት ነው።

ጎበዝ ነበርኩ፤ ይህን ስል አላፍርም። አሮጊቶቻችን ስለ አንዲት ፍየል ለመመስከር ከአያታቸው ስደት ነው የሚጀምሩት። እኔ ሁሉንም ሰምቼ፣ ፍየሏን አላየሁም ነው የምትለው፣ እልና እቀመጣለሁ። የሸንጎው ሊቀመንበር በፊት ልብስ ሰፊ የነበረ ደገኛ ነው፤ ይህን ነገሬን ይወድልኝ ነበር። እሷ ፍሬውን ለይታ ነው የምትሰጥህ እያለ እንግዳ ፊት ያሞግሰኛል። ገለባ ብዬ የምጥለው የሰው ቃል መሆኑን ያኔ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ባሌ ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። በዚያ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄን ወደ ባሌ እናት ሰደድኩት። መንደራቸው በወንዙ ቁልቁል የግማሽ ቀን መንገድ ነው። መስከረም ላይ ሲመለስ የታችኛዎቹ የፊት ጥርሶቹ የሉም።

በእኛ በአኝዋኮች ዘንድ ይህ ቁስል ሳይሆን መልክ ነው። እኔም የለኝም። እናቴ ያስነቀለችኝ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ የብረቱን ቅዝቃዜ ዛሬም አስታውሳለሁ፣ በማግስቱ በጓደኞቼ ፊት አፌን እየከፈትኩ መኩራራቴንም እንደዚሁ። ግን ያ ዘመን የጎጂ ልማድ ትምህርት የሚሰጥበት ነበር። ጥርስ መንቀል ይቅር፣ ግንባር መብጣት ይቅር እየተባለ በየሰፈሩ ስብሰባ ይጠራል። ስብሰባውን የማስተረጉመው ደግሞ ማን ይመስላችኋል? እኔ ነኛ። ጥርስ በሌለው አፌ ጥርስ አትንቀሉ ስል ሴቶቹ በነጠላ ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ይስቁብኝ ነበር፤ እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር።

በልጄ ላይ ሲሆን ግን አልሳቅኩም። ድዱ አብጦ ነበር። ክሊኒክ የምሠራ ሴት ክሊኒክ አልወሰድኩትም። ካርዱ ላይ ይጻፋል ብዬ ፈራሁ። ቤት ውስጥ በጨው ውኃ እያጉመጠመጥኩ ይሽርለታል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። በአራተኛው ቀን መምህርቱ፣ ገና ከማሠልጠኛ የወጣች ልጅ፣ አፉ ሲሸታት እጁን ይዛ ራሷ እኔ የምሠራበት ክሊኒክ አመጣችው። ካርዱን ከመደርደሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ከጻፈ በኋላ መልሶ ሲሰጠኝ አነበብኩት። ጥርስ በልማድ ተነቅሏል፣ አፉ አመርቅዟል፣ እናት ሕክምና አላመጣችም ይላል። ካርዱን ቦታው መለስኩ። ሌላ ምን ላደርግ እችላለሁ?

ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ሰው ከአውራጃ መጣ፤ የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተል ነው። የቆዳ ቦርሳ የያዘ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ትሑት ሰው ነበር፤ ይህም ይበልጥ አስፈራኝ። የሚጮህ ሰው ቢሆን እጮህበት ነበር። ቤቴን አየ፣ የልጁን መኝታ አየ፣ የሚበላውን ጠየቀ፣ ሁሉንም በቀይ እስክሪብቶ ጻፈ። ስናገር ዓይኑ አፌ ላይ ነበር። ሳላውቀው በእጄ ሸፍኜ መናገር ጀመርኩ፤ በራሴ በጣም ተናደድኩ። ሲጨርስ የዘማች ልጅ የሕዝብ አደራ ነው አለኝ። ጉዳዩ ቅዳሜ በቀበሌው ሸንጎ ይታያል፤ ሸንጎው ካመነበት ልጁ ሰኞ በሚወጣው መኪና ደጋ ወደሚገኘው የሕፃናት ማሳደጊያ ይሄዳል፣ እዚያ ይማራል፣ ይለብሳል። እንዲህ ያለው እኔን ለማጽናናት ነበር። እስከዚያ ልጁ ከቀበሌው እንዳይወጣ አዘዘና ደህና ዋይ ብሎኝ ሄደ።

የቀረኝ አምስት ቀን ነው። ልጄ ውጭ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ይጫወት ነበር። በበሩ ቀዳዳ ሳየው ቆየሁና ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ድሬሰሩ ነው። አብረን አምስት ዓመት ሠርተናል፤ ቆመህ ተናገርልኝ አልኩት። በመስኮት እያየ፣ አያቲቱ ደብቃ ነው ያደረገችው፣ እኔ አላውቅም በይ ብሎ መከረኝ። አብሬሽ እቆማለሁ ግን አላለም። ቀጥዬ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ሁለት ጊዜ ታስረው የተፈቱ ሰው ናቸው። እኔ ካንቺ ጎን የቆምኩ ዕለት ልጁን ብቻ ሳይሆን አንቺንም ይወስዱሻል አሉኝና እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩልኝ። እውነታቸውን ነበር። ጸሎቱን ይዤ፣ ሰው ሳላገኝ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ሄድኩ። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ማንጎው ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው የሚቀመጡ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ የደጋ ሽማግሌ ናቸው። ጋምቤላ ውስጥ ጠበቃ የሚባል ሰው አልነበረም፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ማለቴ፣ እኔ እንደምነግረው አሳጥሬ ነገርኳቸው። ድሬሰሩ የመከረኝንም ጨመርኩ።

«ተይው እሱን» አሉኝ። «አሮጊቷ ናት ካልሽ አሮጊቷን ያስሯታል፤ አንቺን ደግሞ ልጅሽን ለጥፋተኛ ሰጠሽ ይሉሻል። ሁለቱንም ታጫለሽ።»

ታዲያ ምን ይሻላል አልኳቸው። የቀበሌ ሸንጎ ጠበቃ አያውቅም አሉ፤ ተከሳሽ ብቻውን ቆሞ ብቻውን ይናገራል። ከተከሳሽ ጎን እንዲቆም የሚፈቀድለት አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ማን ነው እሱ?» አልኳቸው።

«አስተርጓሚ» አሉኝ።

መጀመሪያ የቀለዱብኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። አማርኛ ከተናገርሽ ብቻሽን ነሽ፣ ሊቀመንበሩ በሦስት ጥያቄ ያጣድፍሽና ይፈርድብሻል አሉኝ። በቋንቋሽ ከተናገርሽ ግን ሰው ሊያቆሙልሽ ግድ ነው፤ ብሔረሰብ ሁሉ በቋንቋው ይናገር ብለው ግድግዳው ላይ የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ቃልሽ ሁለት ጊዜ ይነገራል፤ አንቺ ስትናገሪ ሰውዬው ያስባል፣ ሰውዬው ሲናገር አንቺ ታስቢያለሽ። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ እኔ የማስበው ሌላ ነበር። በዚህ ቀበሌ አስተርጓሚ እኔ ነኝ፤ ታዲያ ለእኔ ማን ያስተረጉማል?

አንዲት ሴት አለች አሉኝ። ወንዙ ዳር ዓሣ የምትሸጥ። በመሠረተ ትምህርት አማርኛ የተማረች፣ ማመልከቻ ሲጽፉላት አንብቡልኝ ሳይሆን ስጡኝ ላንብበው የምትል፣ የተሳሳተም ቃል አግኝታ ያሳረመቻቸው። ማን እንደሆነች አውቃታለሁ፤ በገበያ ሳልፍ ሰላም የማትለኝ ሴት ናት። ምቀኛ ነበር የምትመስለኝ። አማርኛ የተማረችው ከእኔ ጋር ለመፎካከር ነው ብዬ ለጎረቤቶቼም አውርቻለሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላል ደገኛ።

ስደርስ ዓሣ እየቀደደች ነበር። በቋንቋችን ሰላም አልኳት፤ ቢላዋዋን ሳታቆም ተቀበለችኝ። የመጣሁበትን ስነግራት አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጇን በውኃው ታጠበች።

«አታስታውሺኝም» አለችኝ።

አላስታወስኳትም። እሷ ግን ዕለቱን፣ የቆምኩበትን ቦታ፣ የለበስኩትን ቀሚስ ሳይቀር ታውቀዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ባሏ ሞቶ የአምስት ዓመት ሴት ልጅ ይዛ ነበር። ጎረቤት ልጅቷ ተራበች ብሎ ለቀበሌ ነገረ፤ ሸንጎ ቀረበች። የተናገረችው ይህን ነው፦ አሁን የምሰጣት የለኝም፤ ወንዙ ሞልቶ ዓሣ አይያዝም። በቆሎዬ ሊደርስ አንድ ወር ቀረው፤ እስከዚያ እህቴ ታበላታለች፤ በቆሎው ሲደርስ እኔው አበላታለሁ። እኔ ያንን ሁሉ ሰምቼ፣ የምሰጣት የለኝም ነው የምትለው፣ ብያለሁ።

ልጅቷ በዚያው ሳምንት በመኪና ሄደች።

ሙቀቱ ትዝ አለኝ። የዕለቱ አራተኛ ጉዳይ እንደነበረ፣ ቤቴ ገብቼ እግሬን መዘርጋት እንደፈለግሁ ትዝ አለኝ። የሷን ፊት ግን አላስታወስኩትም፤ እስከ ዛሬም አላስታውሰውም። ይቅር በይኝ ማለት ፈለግሁ። በዚህ ምላሴ ብዙ ሰው ሲያለቅስ አስተርጉሜያለሁ፤ ለራሴ ግን የምለው አጣሁ።

ጥያት ልሄድ ስነሳ ተቀመጪ አለችኝ። ልጅሽን አይቼዋለሁ፣ በዚህ በኩል ወደ ትምህርት ቤት ያልፋል አለች። እመጣለሁ፤ አንቺን ብዬ ግን አይደለም። አንድ ነገር አለ፤ የምትናገሪውን ሁሉ እናገራለሁ፣ አንድ ቃል አላስቀርም፤ ስለዚህ አሁን እዚህ ቁጭ ብለሽ ሁሉንም ንገሪኝ። ጀመርኩ፤ ለማመልከቻ ጸሐፊው የነገርኳቸውን ደገምኩላት። ይህ ያጠረው ነው አለችኝ። እንደገና ጀመርኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስጀምር ለማንም ያልነገርኩት፣ ለራሴም ያልነገርኩት ነገር ወጣ። ልጄን ወደ አያቱ ስሰደው አውቅ ነበር። ዕድሜው ደርሷል፣ የሰፈር ልጆች እንደ ሕፃን ነህ እያሉ ያሾፉበታል፣ አያቱም ባለፈው ዓመት አፉን ከፍታ ስታየው አይቻለሁ። ይነቀል ማለት ፈራሁ፤ አይነቀል ማለትም አልቻልኩም። ዝም ብዬ ጠቅልዬ ላክሁት፣ ሌላ ሰው እንዲወስንልኝ።

ይህን ስናገር አለቀስኩ። እሷ አላጽናናችኝም። ቅዳሜ እመጣለሁ ብላ ወደ ዓሣዋ ዞረች።

ዓርብ አማቴ በታንኳ መጣች፤ ልኬባት ነበር። እስከ ሸንጎው ድረስ አላነጋገርኳትም። ልጄ ግን ጉያዋ ሥር ተወሽቆ ዋለ፤ ያም አናደደኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የሸንጎው ዳኞች ሦስት ናቸው፦ ሊቀመንበሩ መሃል፣ ከሴቶች ማኅበር አንዲት፣ ከወጣቶች አንድ። የአውራጃው ሰው በጎን ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ክሱን አነበበና የምትይውን ተናገሪ አለኝ። በአኝዋክኛ መለስኩ።

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። አንቺ አይደለሽም እንዴ የሸንጎው አስተርጓሚ፣ ትቀልጃለሽ? አለኝ። ሃያ ዓመት የሠራሁበት አማርኛ ጥርሴ ሥር ደርሶ ሊወጣ ሲል ዋጥኩት። በቋንቋዬ ነው የምናገረው አልኩ፣ በቋንቋዬ። የገባው ሰው አጠገቡ ላለው ነገረ፤ እየተነገረ እየተነገረ ጠረጴዛው ዘንድ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ። የአውራጃው ሰው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አለው፤ መብቷ ነው ሳይለው አልቀረም። ታዲያ ማን ያስተርጉም? አለ ሊቀመንበሩ፣ በንዴት።

«እኔ ያስተረጉማል» አለች ዓሣ ሻጯ ከኋላ።

ዓሣ ዓሣ እየሸተተች መጥታ ከጎኔ ቆመች። አማርኛዋን እዚያ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። ወንዱን ሴት ታደርጋለች፣ ሴቱን ወንድ፤ ትናንቱን ነገ ታደርጋለች። ላርማት ምላሴ በላኝ፤ ልጄን ሊወስዱብኝ ተቀምጠው እኔ ሰዋስው እለቅም ነበር። ግን ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ አንድም ነገር አትዘልም።

የድሮ ልማዴ አልለቀቀኝም። ልጁን ለክረምት ወደ አያቱ ላክሁት፣ ሲመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት ብዬ አቆምኩ። እሷ አልተረጎመችም። ዞራ አየችኝና በቋንቋችን፣ ወንዝ ዳር የነገርሽኝ ይሄ ብቻ አልነበረም አለችኝ። አዳራሹ ይጠብቃል። ሊቀመንበሩ በጣቱ ጠረጴዛውን ይመታል። ጠላኋት በዚያች ደቂቃ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፣ እሷም ሁሉንም ተናገረች።

«እሷ ይላል፣ አውቅ ነበር። እሷ ይላል፣ ፈራሁ። ነቅለው ብዬ አላልኩም፣ ተውት ብዬ አላልኩም። ክሊኒክ አልወሰድኩም፣ እንዳይጻፍ። ይሄ ጥፋት የኔ ነው፣ የአሮጊቷ ብቻ አይደለም ይላል።»

ከሴቶች ማኅበር የመጣችው ዳኛ አንገቷን ነቀነቀች፤ ለማዘን ይሁን ለመፍረድ አላወቅሁም። የአውራጃው ሰው ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቶ ጻፈ። አለቀልኝ አልኩ በልቤ፤ ራሴን በገዛ አፌ አሰርኩ።

አማቴ ተጠራች። እንደ ሁሉም አሮጊቶቻችን ከሩቅ ጀመረች፤ ከጦርነቱ፣ ከሸሹበት ዘመን፣ ከሞቱት ወንድሞቿ። ዓሣ ሻጯ እየተከተለች ትናገራለች። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አሳጥሪው አላት፤ አላሳጠረችም። ከዚያ አማቴ ለእኔም ነግራኝ የማታውቀውን ተናገረች። መኪና ልጆችን ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ልጄንም ለጦርነት ወስደውታል አለች። የልጄን ልጅ አንድ ቀን ቢወስዱት፣ አድጎ ቢመለስ፣ ቋንቋችንን ቢረሳ፣ በምን ያውቀናል? በምን እናውቀዋለን? አፉን ከፍቶ ያሳየናል። የእኛ መሆኑን እናውቃለን። ለዚህ ብዬ ነው የነቀልኩት።

ዓሣ ሻጯ ጀመረች። «እሷ ይላል፣ አድጎ ቢመለስ…» ብላ ቆመች። ቆይታ እንደገና ጀመረች፤ እዚያችው ላይ ደግማ ቆመች። ያን ጊዜ ገባኝ። የሷ ልጅ ስትወሰድ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጥርሷ ሙሉ ነበር።

«ነገሩን ፍሬ ፍሬውን ተናገሪና ጨርሺ» አለ ሊቀመንበሩ።

«አላሳጥርም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የኔን አሳጠሩት። እኔ አልኩ፣ በቆሎ እስኪደርስ ምግብ የለም፣ ሲደርስ አበላለሁ። ለእናንተ የተነገረው፣ ምግብ የለም ነው። ልጄ ሄደች። እዚሁ ቤት ነው። አንተ ነበርክ፣ እሱም ነበር» አለች፣ በአገጯ የአውራጃውን ሰው እያሳየች። ወደ እኔ አልጠቆመችም። መጠቆም አላስፈለጋትም፤ አዳራሹ ሙሉ ወደ እኔ ዞሯል።

ከጎኔ ያቆምኳት ሰው፣ ለልጄ ትከራከርልኛለች ያልኳት፣ የገዛ ጥፋቴን ዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሊቀመንበሩ ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም አላት።

«በምን ቋንቋ?» አለችው። «ከዚያ በኋላ ነው የተማርኩት። ልጄ እዚያ አማርኛ ነው የምትናገረው። ስትመለስ በምን ላናግራት?»

እኔ ለፉክክር ነው ብዬ ያወራሁት አማርኛ ይኸው ነው። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ እውነት ነው ወይ የምትለው? አለኝ። አላስታውስም ማለት እችል ነበር፤ ግማሹ እውነት ነው። ካደች ቢሉኝ ማስረጃ የለም። ካመንኩ ደግሞ ሐሰተኛ አስተርጓሚ ነኝ፤ ለሐሰተኛ ሴት ልጇ ለምን ይተውላታል?

«እውነት ነው» አልኩ፣ በአማርኛ። «ሙሉውን ነግራኝ ነበር። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ጊዜ አልፈጀም፤ ለእኔ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያ የዋልኩ ያህል ነው የሚሰማኝ። ዳኞቹ ተነጋገሩ። ወጣቱ ይሂድ አለ፤ ልማዱን ለማስቀረት አንድ ሰው መቀጣት አለበት ብሎ ተከራከረ። የሴቶች ማኅበር ዳኛዋ አይሂድ አለች። ሊቀመንበሩ ወደ አውራጃው ሰው አየ። ሰውዬው የጻፈውን ወረቀት ለረጅም ጊዜ ተመለከተና እስክሪብቶውን ከደነው። ያቺን ልጅ መኪና ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ አለ፤ ወረቀቱ ላይ የነበረው አንድ መስመር ነው። በአንድ መስመር ሁለተኛ ልጅ አልጭንም። ይህን ሲል ለስላሳው ድምፁ አልተለወጠም፤ ማንንም ግን ቀና ብሎ አላየም።

ልጄ ከእኔ ጋር ይቅር ተባለ። አፉ እስኪድን በየቀኑ ክሊኒክ ላቀርበው እኔ ፈረምኩ፣ አማቴም የሌላ ልጅ ጥርስ ላትነካ በጣት አሻራ ፈረመች። እኔን ደግሞ ሊቀመንበሩ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት አታስተረጉሚም አለኝ። አልተከራከርኩም። ልጄ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር፤ ሲያየኝ ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ። ይዤው ቆምኩ፣ እስኪያመው ይዤው ቆምኩ። እሷ በአጠገባችን ብቻዋን አልፋ ወደ ወንዙ ወረደች።

በማግስቱ ሄድኩባት። ልጅሽ የተወሰደች ጊዜ ሸንጎ ያልሽውን እንደገና ንገሪኝ፣ እንዲመልሷት አውራጃ ድረስ ሄጄ አንድ ቃል ሳልቆርጥ እናገርልሻለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አሁን እኔው እናገራለሁ፣ አንቺ ከጎኔ ቁሚ አለችኝ። አራት ጊዜ ሄድን። ጸሐፊዎቹ በልማድ ወደ እኔ እያዩ ምን ትላለች ይሉኛል፤ እኔ እሷን አሳያቸዋለሁ። ማመልከቻ ጸሐፊው የምትላቸውን ሁሉ ጻፉላት፤ ሁለት ገጽ ሞላ። የአውራጃውም ሰው ፈረመበት።

ልጅቷ የመጣችው ከዓመት በላይ ቆይታ፣ የእህል መኪና ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ ነው። ከኛ ቋንቋ አንድም ቃል አልቀራትም። ቁመቷ ረዝሟል፣ ፀጉሯ ተቆርጧል፣ ፌስታል ይዛለች። ገበያው መሃል ቆማ ሁላችንንም ተራ በተራ አየች፤ የቷ እናቷ እንደሆነች አላወቀችም። እኔ ማስተርጎም የለመደው አፌ ሊከፈት ሲል ዓሣ ሻጯ ወደ ፊት ሄዳ ፊቷ ተንበረከከች።

«እናትሽ እኔ ነኝ» አለቻት በአማርኛ። «እርቦሻል?»